ብቻቸውን አላወሩም፦ ስለ ሪሌይ ማሽን ክፍል ኃላፊዋ ዕረፍት የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

«ሟች የቢሮአችን የቀድሞ ባልደረባ ሲሆኑ ለረጅም ዓመታት በአሮጌው ካልኩሌተር ክፍል አገልግለዋል። በመጨረሻዎቹ የአገልግሎት ዓመታት በደረሰባቸው የአእምሮ መታወክ ምክንያት ብቻቸውን ሲያወሩና ከማይታይ ሰው ጋር ሲከራከሩ ይሰሙ የነበረ ቢሆንም፣ ቢሮው እስከ ጡረታቸው ድረስ በትዕግሥት አቆይቷቸዋል።»

ከላይ ያለው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። የተገለበጠውም የስሌት ቢሮ በዋናው መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በካፍቴሪያው የዋጋ ዝርዝርና በጠፋ ጃንጥላ ማስታወቂያ መካከል ከለጠፈው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ፈራሚ የለውም።

የስሌት ቢሮ ጡረተኛ ሠራተኞች ማኅበር፣ የሪሌይ ማሽን ክፍል ኃላፊና የማኅበራችን መሥራች አባል የነበሩት እትዬ ጥብጣብ ባለፈው ማክሰኞ በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ሲያስታውቅ ጥልቅ ሐዘን ይሰማዋል። ሐዘኑ ላይ ቁጣ ተጨምሮበታል። ቁጣውን ከሐዘኑ ለይተን በሌላ ወረቀት ለመጻፍ ሞክረን ነበር፤ አልተለየልንም።

የሐዘን መግለጫ አጭር መሆን እንደሚገባው እናውቃለን። የቢሮው አጭር ነበር። የኛ የሚረዝመው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር የተበላሸን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ማቃናት ስለማይቻል ነው።

የቸኮልንበትም ምክንያት አለ። ቢሮው አሮጌውን ማሽን ከምድር ቤት አውጥቶ በመግቢያው አዳራሽ ለጎብኚዎች ሊያቆመው ወስኗል። በዚህ ደስ ብሎን ነበር። ከማሽኑ ጎን ግን የመዳብ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ በሰሌዳው ላይም ከላይ የጠቀስነው ቃል እንዳለ ይቀረጻል። ቀራጩ ሥራውን የሚጀምረው በዚህ ወር 27ኛ ቀን ነው። ወረቀት ዝናብ ያወርደዋል፣ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። መዳብ ግን እዚያው ይኖራል። የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ያነቡታል። እትዬ ጥብጣብን በሕይወት ያላወቀ ሁሉ የሚያውቃቸው «ከማይታይ ሰው ጋር ሲከራከሩ የነበሩ» ተብለው ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ነው የምንጽፈው።

በመጀመሪያ ማሽኑ ካልኩሌተር አልነበረም። ካልኩሌተር ሰው ቁልፉን ሲጫነው የሚደምር፣ እጁን ሲያነሣ የሚቆም ዕቃ ነው። የኛ ማሽን ትእዛዙን በቀዳዳ ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ራሱ እያነበበ፣ ራሱ እያሰላ፣ ውጤቱን ራሱ በጽሕፈት መኪና የሚያትም ኮምፒውተር ነበር። የተሠራው ከስልክ ማዞሪያ ጣቢያ በመጡ ሪሌዮች ነው። ሪሌይ ማለት ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ተስቦ የሚገጥም፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የሚለቅ ትንሽ የብረት ምላስ ነው። ሲገጥም አንድ፣ ሲለቅ ዜሮ። ቁመታቸው ጣሪያ በሚነካ የብረት መደርደሪያዎች ላይ እነዚህ ምላሶች ተደርድረው አብረው ሲሠሩ፣ ባዶ ጣሳ ውስጥ ሽምብራ የሚፈስ ይመስል ነበር። ሁለት ቁጥር ለማባዛት የሚወስድበትን ጊዜ ዛሬ የኪስ ስልክ ያለው ሰው ቢሰማ ይስቃል። ይሳቅ። የዛሬው ከዚያ ነው የመጣው።

ከእነዚህ ማሽኖች በፊት በእጅ የሚዞሩ መደመሪያዎች ነበሩ፤ ስለ እነሱ ሰው ይናገራል፣ ለጌጥም በየሳሎኑ ያስቀምጣቸዋል። ከእነሱ በኋላ በመስታወት የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ ቀጥሎም በትራንዚስተር የሚሠሩት የኤሌክትሮኒክስ ማሽኖች መጡ፤ ስለ እነሱም ብዙ ተብሏል። ብረቱም ኤሌክትሪኩም እኩል የሚሠሩበት የመሸጋገሪያ ዘመን ግን አጭር ነው። አጭር ስለሆነም ይዘለላል። እትዬ ጥብጣብ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ በሚዘለለው ዘመን ውስጥ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሌላው ሁሉ ዘመኑን ትቶት ከወጣ በኋላ መብራቱን ለማጥፋት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

1944። እትዬ ጥብጣብ ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቀው በዚህ ዓመት ተቀጠሩ። ማሽኑ በሣጥን ሆኖ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነው። ገጣጣሚዎቹ ከስልክ መሥሪያ ቤት የመጡ ነበሩ፤ ሒሳብ አያውቁም። እሳቸው ደግሞ ሽቦ አያውቁም ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እነሱ ማባዛት፣ እሳቸው ብየዳ ለምደው ተለያዩ። የሪሌይ ምላስ ላይ የተቀመጠን አቧራ በንጹሕ የወረቀት ስንጣሪ መሀል ለመሀል እየሳቡ ማጽዳትን የተማሩት ያኔ ነው። ጥብጣቡን እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው በየኮሪደሩ ስለሚመላለሱ ስሙ ወጣላቸው። አልተቆጡም። «እናቴ ካወጣችልኝ ስም ይልቅ ይሄ ይመቸኛል፤ ቢያንስ የሠራሁት ነው» ይሉ ነበር።

1947። የመጀመሪያው የግድብ በሮች ሠንጠረዥ ታተመ። በወንዙ ላይ ባሉት ግድቦች የሚሠሩ በረኞች የውኃውን ከፍታ አይተው በሩን ምን ያህል እንደሚከፍቱ የሚያነቡት ከዚህ ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ውኃው ከታች ያለው መንደር ላይ ይሄዳል። ስለዚህም ክፍሉ በዚህ ዓመት የራሱን የአሠራር ደንብ አወጣ፤ ደንቡም «ንባብና መልስ» ይባል ነበር። የቢሮው ማስታወቂያ ያልተረዳው፣ ወይም ሊረዳው ያልፈለገው፣ ይህንን ደንብ ስለሆነ በዝርዝር እንገልጸዋለን።

ማሽኑ ራሱን ይቆጣጠር ነበር። አንድ ምላስ ቢጣበቅ ደወል ይደወላል፣ ሥራው ይቆማል። ማሽኑ ሊቆጣጠረው የማይችለው ግን ሰው በጥብጣቡ ላይ የበሳውን ቁጥርና ለማተሚያ ቤት የሚላከውን ንጹሕ ግልባጭ ነው። ሰው ሲሳሳት ደወል አይደወልም። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሁለት ወንበሮች ተቀመጡ። በአንደኛው የሚቀመጠው «አንባቢ» ከግልባጩ ላይ እያንዳንዱን አኃዝ ለየብቻው ጮክ ብሎ ያነባል። በሌላኛው የሚቀመጠው «መላሽ» ዐይኑን ከዋናው ላይ ሳይነቅል ያንኑ ቁጥር ጮክ ብሎ ይመልስና «ልክ» ይላል። ከተጠራጠረ «ድገም» ይላል። «ልክ» ሳይባል ወደሚቀጥለው አይታለፍም። «ድገም» በመባሉ የሚቀየም ሰው ክፍሉ ውስጥ አይሠራም። ዐይን ያየውን ትቶ የጠበቀውን ያነባልና በዝምታ ማመሳከር ክልክል ነበር።

መላሿ እትዬ ጥብጣብ ነበሩ። አንባቢው ከእሳቸው ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠሩ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዛቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «አንባቢው» እንላቸው ነበር። ሁለቱ ለረጅም ዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጠው ቁጥር ተነጋገሩ። ክፍሉ ውስጥ ያለፍን አባሎች ሁሉ እናስታውሳለን።

«ሁለት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት።»

«ድገመው።»

«ሁለት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት። ዛሬ በግራ ጎንሽ ነው እንዴ የተነሣሽው?»

«አንተ ቁጥሩን አንብብ፣ ጎኔን ተወው። ሁለት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት። ልክ።»

እንዲህ ሲባባሉ ይውሉ ነበር። ትዳር ነው ያሉ ነበሩ። አልነበረም። አንባቢው ባለትዳር ነበሩ፤ እትዬ ጥብጣብም በዚህ ጉዳይ የሚቀልድባቸውን ሰው በዐይናቸው ብቻ ከክፍሉ ያስወጡ ነበር። የነበረው ነገር ሥራ ነው። ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ስሕተት ሳይንቅ የሚጠብቅበት ሥራ። ለዚህ ቢሮአችን ስም የለውም፤ በሐዘን ማስታወቂያውም ቦታ አልሰጠውም።

1958። የኤሌክትሮኒክስ ማሽኑ ገባ። ሦስተኛው ፎቅ ታደሰ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ሠራተኞች በየተራ ወደ ላይ ተዛወሩ። ሪሌይ ማሽኑ እንዳይዘጋ ተወሰነ፤ የግድቦቹ ሠንጠረዦች በአሮጌዎቹ ጥብጣቦች ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩና አዲሱ ማሽን እነዚያን ጥብጣቦች ማንበብ ስለማይችል ነው። ሥራው ይቀጥል ተባለ። ሰው ግን ተነሣ። የማሽኑ ጠጋኝ ሄደ፣ ጥብጣቡን የምትበሳው ልጅ ሄደች፣ በመጨረሻም አንባቢው ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ተዛወሩ። እትዬ ጥብጣብ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው ደንቡ ሁለት ሰው እንደሚጠይቅ አመለከቱ። ዳይሬክተሩ የመለሱትን በወቅቱ በቢሮው የነበሩ አባላችን በጆሯቸው ሰምተዋል፦ «ላሮጌ ብረት ሁለት ሰው አልመድብም። እርስዎ ጎበዝ ነዎት፣ አንድም ይበቃል።»

ደንቡን የሻረው ግን የለም። አሁንም እንደጸና ነው። ስለዚህ እትዬ ጥብጣብ ደንቡን አከበሩ። በአንደኛው ወንበር ተቀምጠው ከግልባጩ ያነባሉ። ተነሥተው ጠረጴዛውን ይዞራሉ። በሌላኛው ወንበር ተቀምጠው፣ ዋናውን አይተው ይመልሳሉ። ሲያነቡ ድምፃቸውን ያወፍሩታል፤ ሲመልሱ በራሳቸው ድምፅ ነው። የሚያነብና የሚመልስ ድምፅ አንድ ዓይነት ከሆነ ጆሮ እንደሚሰንፍ በልምድ ያውቁ ነበርና ነው። ሲጠራጠሩ «ድገመው» ይላሉ። ተነሥተው ዞረው ይደግሙታል። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሠንጠረዥ እንኳ ብዙ መመላለስ ይጠይቅ ነበር። ጉልበታቸውን ያመማቸውም ከዚያ ነው እንጂ ማስታወቂያው እንደሚለው ጭንቅላታቸውን አልነበረም።

በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው በተዘጋው በር በኩል የሚሰማው ይህንን ነው። መጀመሪያ ሳቁ። ካፍቴሪያ ሲገቡ፦

«እትዬ፣ ዛሬ ማን አሸነፈ?»

«ልክ የሆነው» ይሉና ሻያቸውን ይጠጣሉ።

የበሩ ጥበቃም አንድ ቀን ሊያሾፍ ፈልጎ፣ «እትዬ፣ ክፍልዎ ውስጥ እንግዳ ካለ ደብተር ላይ ያስመዝግቡልኝ እንጂ፣ በኋላ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አላቸው። «እንግዳ አይደለም ልጄ፣ የተዛወረ ሠራተኛ ነው። ያዛወሩትን ሰዎች ጠይቃቸው» ብለው አለፉ። ጥበቃው ይህን ለዓመታት ሲያወራው ኖሯል፤ ሲያወራው ግን እያደር ሳቁ እየቀነሰ ሄዷል። ዛሬ የማኅበራችን አባል ነው።

1960። አንባቢው በተዛወሩበት ከተማ ዐረፉ። ቢሮው የሐዘን ማስታወቂያ አላወጣም። ለእትዬ ጥብጣብም የነገራቸው የለም፤ ቅርንጫፉ የላከው ሠንጠረዥ ላይ የሌላ ሰው ፊርማ አይተው ነው የጠየቁት። የዚያን ቀን ማሽኑን አላስነሡም። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው፣ ምላሶቹን በወረቀት ሲያጸዱ ዋሉ። በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። ወንበሩንም ከቦታው አላነሡትም።

1963። ከውጭ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ በኮሪደሩ ጸጥታ እንዲሰፍን ዳይሬክተሩ አዘዙ፤ ትእዛዙ የእትዬ ጥብጣብን ክፍል ጠቅሶ «ማመሳከሩ በዝምታ ይካሄድ» የሚል ነበር። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ፤ ትእዛዙ ግን አልተነሣም። እትዬ ጥብጣብ ሥርዓት አክባሪ ስለነበሩ ታዘዙ። በዚያ ወቅት የወጣው አንድ የግድብ ሠንጠረዥ ሁለት ረድፎቹ ቦታ ተለዋውጠው ታተሙ። በአገልግሎት ዘመናቸው ከእጃቸው የወጣ ስሕተት የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፤ የሠሩትም ዝም በሉ በተባሉበት ጊዜ ነው።

ስሕተቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ልባቸው ስላላረፈ አንድ ቅጂ ቤታቸው ወሰዱ። እዚያ ዝም በሉ የሚላቸው የለም። ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ፣ በሁለት ወንበር፣ በሁለት ድምፅ አመሳከሩት። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገቡ። የተባባሉትን እትዬ ጥብጣብ ለአባሎቻችን ደጋግመው ነግረውናል፤ ዳይሬክተሩም በሕይወት ሳሉ አላስተባበሉም።

«ሠንጠረዡ ይሰብሰብልኝ። ስሕተት አለበት፣ ስሕተቱም የእኔ ነው።»

«ማን አየው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ካላየው ለምን እናተራምሳለን? በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል።»

«ውኃው ያየዋል» አሏቸው።

ሠንጠረዡ ተሰበሰበ። ዝናቡ ሳይጠነክር ትክክለኛው ደረሰ። አንድ ቤት፣ አንዲት ዶሮ እንኳ ውኃ አልወሰደም። ለዚህም እትዬ ጥብጣብ የተሰጣቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ወደ ሐኪም የመላኪያ ወረቀት ነው። ማስጠንቀቂያው «የቢሮውን ገጽታ በማጉደፍ» ይላል። የሐኪሙ መላኪያ «ብቻቸውን ያወራሉ» ይላል። «የአእምሮ መታወክ» የሚባለው ነገር የተወለደው ያን ቀን ነው፤ አባቱም ማን እንደሆነ እናውቃለን።

1964። የመረመሯቸው ሐኪም ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ፣ አእምሯቸው የነቃ አዛውንት ናቸው። ባለፈው ሐሙስ ቤታቸው ሄደን አነጋግረናቸዋል፤ የነገሩንንም በፊርማቸው ለማረጋገጥ ፈቃደኛ ናቸው። እንዲህ ነበር ያሉን፦

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት ብዬ ጠየቅኋቸው። ከአንባቢው ጋር አሉኝ። አንባቢው የት ነው? ሞቷል፤ ሥራው ግን አልሞተም አሉኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። በኋላ ሥራውን ሲያስረዱኝ፣ እንዲያውም ጤና ቢያጡ ኖሮ ነው ዝም የሚሉት ብዬ አሰብኩ። የጻፍኩት አጭር ነው፦ በሽታ የለባቸውም፤ ሁለተኛ ሰው ይመደብላቸው።»

ሁለተኛ ሰው አልተመደበም። ቢሮው ከሐኪሙ ቃል የወሰደው መላኩን ብቻ ነው፤ መልሱን አልወሰደም። የዝምታው ትእዛዝ ግን ከዚያ በኋላ ያለ ወረቀት ተረሳ። እትዬ ጥብጣብም በሁለት ድምፅ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

1971። የመጨረሻዎቹ ጥብጣቦች በአዲሱ ማሽን እንዲነበቡ ሆነው ተገለበጡ፤ የገለበጡትም እሳቸው ናቸው። ማሽኑ እንዲዘጋ ተወሰነ፣ እሳቸውም በዚያው ወር ጡረታ ወጡ። የኤሌክትሪክ ማብሪያውን በአንድ ጊዜ ማውረድ ይቻል ነበር። እሳቸው ግን መደርደሪያዎቹን በየተራ አጠፉ። ኮሪደር ላይ የነበርን ሰዎች ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሲሄድ ሰማን። በመጨረሻ አንድ ምላስ ብቻ ሲንቀጫቀጭ ቆየና እሱም ዝም አለ። የገባ ሰው አልነበረም። መግባት ነበረብን ብለን ዛሬ ማልቀስ የመግለጫ ጉዳይ አይደለም።

ማኅበራችን ለእውነት መቆም አለበትና አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገራለን። እትዬ ጥብጣብ ደንብ ለማክበር ብቻ ነበር የሚናገሩት ብንል ግማሹን መናገር ነው። ብቸኝነት ነበረባቸው። ትልቅ፣ ሞቃት፣ ከሽቦ ልባስ የቀለጠ ሰምና የብረት ሽታ ያለበት ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ዓመታት አሳለፉ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመው መጀመሪያ ያገኙትን ሰው በማይረባ ነገር ያዋሩት ነበር፦ «ዝናቡ ሊመጣ ነው መሰል»፣ «ጫማህ አዲስ ነው?» የቸኮለ ሰው «አዎ እትዬ» ብሎ ያልፋል። ብዙዎቻችን ቸኩለን አልፈናል። ግን ብቸኝነት የአእምሮ መታወክ አይደለም። ብቸኝነት አንድ መሥሪያ ቤት በሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው፤ ያደረሰው መሥሪያ ቤት ደግሞ «በትዕግሥት አቆየኋቸው» ሊል አይችልም። እትዬ ጥብጣብን ማንም አላቆያቸውም። እሳቸው ናቸው ሥራውን ያቆዩት።

ከጡረታ በኋላ በሁለተኛ ፎቅ ባለች አንዲት ክፍል ኖሩ። የሚጠይቋቸው የእህታቸው ልጅ ነበረች። እኛም አልፎ አልፎ ሄደናል፤ ከምንችለው ያነሰ ነው የሄድነው። ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። ያገኟቸው ታች የሚኖሩት ጎረቤት ናቸው። አጠገባቸው ሰው አልነበረም።

የእህታቸው ልጅ ቀብሩን ልታሳውቅ ቢሮው የሄደች ዕለት ነው ማስታወቂያውን ያነበበችው። ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ከኋላዋ ምሳ የሚገቡ ሠራተኞች እየተጋፉ፣ አነበበችው። ከዚያ ቀጥታ ወደኛ መጣች። ያለችውን እንዳለ እናቀርባለን።

«አክስቴ አእምሮዋን ታማ ነበር እንዴ? እናንተ እያወቃችሁ ነው ያልነገራችሁኝ? ቤትም ስመጣ ቁጥር ስትቆጥር እሰማት ነበር። እኔ ጸሎት እየመሰለኝ በር ላይ ቆሜ እስክትጨርስ እጠብቃት ነበር።»

ደንቡን አስረዳናት። ሁለቱን ወንበሮች፣ አንባቢውን፣ «ልክ» እና «ድገም» የሚሉትን ነገርናት። ከዚያ፦ «ታዲያ ለምን እንዲህ ጻፉባት? ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እያሉ?» አለችን። መልሱ ያለው ቢሮው ዘንድ ነው፤ የምንጠይቀውም እሷን ወክለን ነው።

ስለዚህ የስሌት ቢሮ የሚከተለውን እንዲፈጽም እንጠይቃለን። «የአእምሮ መታወክ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲነሣና ወደ መዳብ ሰሌዳው እንዳይሻገር። የሚነሣውም በጸጥታ ተቀድዶ ሳይሆን፣ ስሕተት መሆኑ በዚያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እንዲሆን። ለመዳቡ የሚሆነውን ቃል እኛ አዘጋጅተናል፤ አጭር ነው፣ ቀራጩ አይቸገርም፦ «እትዬ ጥብጣብ፣ የዚህን ማሽን ሥራ በንባብና መልስ ደንብ ጠብቀው ያቆዩ፤ ደንቡ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር፣ ቢሮው አንድ ሰው ብቻ መደበ።» ቢሮው ሁለተኛውን ሐረግ መቀረጽ የማይፈልግ ከሆነ የመጀመሪያውን ይቅረጽ፤ ለሁለተኛው ምክንያቱን ግን ይግለጽልን። ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሰው ማን እንደሆነም ማወቅ እንፈልጋለን። ሊቀጣ አይደለም። የክፍሉን አሠራር ቁጭ አድርገን ልናስረዳው ነው።

ማኅበራችን ለእህታቸው ልጅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሠሩ ባልደረቦቻቸው ሁሉ፣ ለአንባቢው ልጆች፣ አስከሬናቸውን ላገኙት ጎረቤታቸው፣ በወንዙ ዳር በሳቸው ሠንጠረዥ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ለኖሩ የግድብ በረኞች መጽናናትን ይመኛል። የእትዬ ጥብጣብ ሥራ ውኃው በቦታው ባለፈ ቁጥር የሚታይ ሥራ ነው፤ ውኃ በቦታው ሲያልፍ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። ነፍሳቸውን ይማር።

ከስሌት ቢሮ የምንጠብቀው የጽሑፍ መልስ በኃላፊ ተፈርሞ እስከዚህ ወር 26ኛ ቀን፣ ዓርብ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት እንዲደርስ። መልሱ ለማኅበሩ ሳይሆን በቀጥታ ለእህታቸው ልጅ፣ በስሟና በአድራሻዋ ይላክ። ለእኛ ግልባጩ ይበቃናል።

የስሌት ቢሮ ጡረተኛ ሠራተኞች ማኅበር
ስለ ማኅበሩ፦ ዋና ጸሐፊው